የታንጉት ተራ

ታንጉት ሰውን የምታውቀው በጀርባው ነው። «ፊት ይዋሻል» ትላለች። ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ እየሳቀ ሊመጣ ይችላል። ማጭድ ይዞ ጎንበስ ሲል ግን ጀርባው እንዴት እንዳደረ፣ ከቤቱ ምን ሰምቶ እንደወጣ፣ ዛሬ ለሥራው ልብ ይኑረው አይኑረው አንድ በአንድ ይናገርበታል። ይህን ስትነግረኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ባቄላ እፈለፍል ነበር። ሳላስበው ጀርባዬን ቀጥ አደረግሁ።

«አሁንማ አየሁህ፤ ዘገየህ» ብላ ሳቀችብኝ።

መንደራችን «ላይ ምንጭ» ትባላለች። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ጥቂት አለፍ ብላችሁ ወደ ቀኝ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ባጃጅ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይደፍራል፤ ከዚያ ወዲያ እግር ነው። እዚህ ዳጉሳ ሲታረም፣ በርበሬ ሲለቀም፣ ጤፍ ሲታጨድ ሰው የሚወጣው በደቦ ነው። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን። ደቦ ደግሞ ያለ ዘፈን አይሄድም። አንድ ሰው ስንኝ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ስንኙም የሠራተኛውን ስም እየጠራ ያሞግሳል፣ ይነካካል፣ ያስቃል። ላይ ምንጭ ውስጥ ስንኝ የምታወጣው ታንጉት ናት። ሌላ ሰው ሲያወጣ ሰምቼ አላውቅም።

የጀመረችው እንዲህ ነው አሉ። ገና ወጣት ሆና፣ ባሏ ወደ መተከል ሥራ ፍለጋ ሄዶ በዚያው በቀረ ሰሞን፣ ለአንድ የዳጉሳ አረም ደቦ በጄሪካን ውኃ ታመላልስ ነበር። ከሠራተኞቹ መካከል ንብረት የሚባል ጎልማሳ አለ፤ ትልቅ ትከሻ፣ ትንሽ ትዕግሥት። የዋንዛ ጥላ ካየ ጉልበቱ ይፈታል። የዚያን ቀንም ከዋንዛው ሥር ጋደም ብሏል። ሰው ሁሉ ይሰድበዋል፤ ስድቡ በበዛ ቁጥር እሱም ይበልጥ ይመቻቻል። ታንጉት ጄሪካኑን አስቀምጣ ትንሽ አየችውና ድንገት ድምጿን ከፍ አድርጋ፦

ንብረት ጎንበስ ካለ ኮረብታ ይመስላል፣
ቀና ያለ ለታ ደመና ይነካል።

ንብረት አንገቱን ቀና አደረገ። «ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው» አላት። ደገመችለት። ተነሳ። እስኪመሽ ድረስ ከፊቱ የቆመ አረም አልነበረም ይላሉ፤ ዳጉሳውንም ጭምር የነቀለ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ንብረት ሰነፍ መሆኑ ቀረ ብል ውሸት ነው። ዋንዛ ዛሬም ይጥለዋል። ግን ታንጉት ስሙን ከጠራችው ይነሳል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሰውን ለሥራ የሚያነሳሳው ምንድን ነው በሚል አንድ ሙሉ ኮርስ ተምሬያለሁ። ረኀብ ምን ያህል ይገፋል፣ ፍርሃት ምን ያህል፣ ሽልማትስ መቼ ያበረታል መቼ ያደክማል፣ ሰው ሌላ ሰው እንዲያየው ለምን ይመኛል የሚሉ ነገሮች ነበሩ። ኮርሱን እወደው ነበር። ለእረፍት መጥቼ ታንጉትን በማሳ ዳር ሳያት ያ ሁሉ ምዕራፍ እግር አውጥቶ፣ መቀነት ታጥቆ፣ ነጠላውን አደግድጎ ሲሄድ ያየሁ መሰለኝ፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ልብ ብዬ ብከታተላት የራሷ ደንብ አላት። ቀዳሚውን አስቀድማ አታሞግስም። «ፊት የወጣው በራሱ ደስታ ይሄዳል፤ ምን አስነካካኝ?» ትላለች። የምትፈልገው ወገቡን ይዞ ቀና ሊል ያሰበውን ነው፤ ወገቡን ከማቃናቱ በፊት ስሙን ጠርታ ትደርስበታለች። ሌላው ደንቧ አለመዋሸት ነው። እጁ ቀርፋፋ የሆነውን ፈጣን አትለውም። አጨዳው ንጹሕ ከሆነ ንጽሕናውን፣ ሳቁ ከሆነ ሳቁን፣ ለደካማ ጎረቤት መጀመሪያ የሚደርስ ከሆነ ያንኑ ትፈልግለታለች። ያልነበረውን አትሰጠውም፤ ያለውን ነው አንስታ የምታሳየው። እናኑ የምትባል ዝምተኛ ሴት አለች፤ በግራ እጇ ስለምታጭድ ሰልፉ ውስጥ ከጎረቤቷ ጋር ትጋጭ ነበር። ልጆች ሳይቀሩ ይስቁባታል፤ ደቦም መውጣት ልትተው ነበር። ታንጉት ከሰልፉ ዳር በግራ በኩል አቆመቻትና አወጣች፦

እናኑን አይታችሁ ግራኝ ናት አትበሉ፣
ባለፈችበት ዳር ቀኝ ይሆናል ሁሉ።

«ድገሚልኝ» አለች እናኑ በቀስታ። ሁሉም እንዲህ ይላል፤ ስሙ ሲጠራ አንድ ጊዜ አይበቃውም። ታንጉትም ሁልጊዜ ትደግማለች። ዳሯን ይዛ ማጨድ የእናኑ ሥራ ሆነ፤ ዛሬ ያለ እሷ የማሳ ዳር አይከፈትም።

ታንጉት ራሷ ግን ማሳ ኖሯት አያውቅም። ልጅም አልወለደችም። በወንድሟ ግቢ ጥግ አንዲት ጎጆ ነበረቻት። ጥጥ ትፈትላለች፣ ለሰው ድግስ ጠላ ትጠምቃለች፣ ደቦ ሲኖር ታዜማለች። አምና አክስቷ መነኩሲቷ ሲያርፉ ከምንጩ በላይ ያለችውን ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር ያህል መሬት ለእሷ ተናዘዙላት። አሸናፊ የሚባለው ጎረቤቷ በገዛ በሬዎቹ አረሰላት፤ እሷም የእሱን በርበሬ ኮተኮተች። ጤፏ በቀለ፤ ዘለላውን ጣለ፤ ኅዳር ሲጋመስ ወርቅ መሰለ። ማለዳ ማለዳ ትሄድና ዝም ብላ ትቆማለች አሉኝ። ጤፉንም እንደ ሰው ጀርባ ጀርባውን ታየዋለች።

ደቦውን የጠራችው ለኅዳር ሃያ ነበር። በማግስቱ ጽዮን ማርያም ናት፤ ማጭድ የሚነካ የለም። ሬዲዮው ደግሞ ያለወቅቱ ዝናብ እንደሚመጣ ሲናገር ሰንብቷል። የደረቀ ጤፍ ዝናብ ከመታው ይረግፋል፤ የረገፈ ጤፍ አይለቀምም። ስለዚህ ያለው ያ ቀን ብቻ ነበር። የሕይወቷ የመጀመሪያ አዝመራ በዚያ ቀን ላይ ተንጠልጥሏል።

ሰው ግን ሞልቶ መጣ። የታንጉት ደቦ ሲባል ማን ይቀራል? ንብረት እንኳ ዋንዛዎቹን ሁሉ አልፎ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። በማሳው ራስ ላይ ተሰልፈን ቆምን። ታንጉት በማንቆርቆሪያ ጠላ ይዛ ማሳው ዳር ከተተከለው የላስቲክ ዳስ ወጣች።

«በይ እንጅ እታለም፣ ጀምሪልን!» አለ አሸናፊ ማጭዱን በድንጋይ እየሳለ።

«ማን? እኔ?»

«ታዲያ ማን ኑሯል?»

«በገዛ ማሳዬ?»

አሸናፊ መሳሉን አቆመ። ሁላችንም ተያየን። ነገሩን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን፤ ግን አንዳችንም አላሰብነውም ነበር። በላይ ምንጭ የደቦ ባለቤት በራሱ ማሳ ላይ አያዜምም። የገዛ አዝመራህን እያየህ ሰውን ብታሞግስ ልመና ነው የሚመስለው፤ ያሞገስከውም ሰው ያፍራል። ባለቤት ያበላል፣ ያጠጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ይመርቃል። ታንጉት ደግሞ ባለቤት ሆና ስለማታውቅ፣ በእሷ ማሳ ማን ያወጣል የሚለው ጥያቄ ለማንም መጥቶለት አያውቅም። እሷም ለመጠየቅ አፍራ ዝም አለች፤ እኛም ታዜምልናለች ብለን ባዶ አፋችንን መጣን።

«ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» አለ አሸናፊ። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ጥቂት ቆይቷል። ጉሮሮውን ጠራርጎ አንድ ረጅም ነገር ጀመረ። የት እንደሚያልቅ ስላላወቅን የት እንደምንቀበለው ጠፋን። እሱም የት እንደሚያልቅ አላወቀም።

ቀጥሎ ንብረት ሞከረ። ስለ ጊደሩ ነበር።

«አያ ንብረት፣ ጊደርህን ነው እንዴ የምናጭደው?» አለችው ከፍኖተ ሰላም ኮሌጅ የመጣችው እንቁ።

«እሷን ነው የማውቃት፤ ምን ላድርግ?» አለ።

እንቁ ራሷ ስልኳን አውጥታ አንድ የከተማ ዘፈን ለቀቀች። ትከሻችን ወዲያው ተቀበለው፤ እጃችን ግን ቆመ። ሁለት ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው ዳሩ ላይ መጨፈር ጀመሩ። ስልኩ መልሶ ኪስ ገባ።

እንግዲህ ዝም ብለን አጨድን። እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊት ማሳ ላይ ሰምቼ አላውቅም። የማጭዱ ድምፅ ብቻ፣ ያውም አንዱ ከሌላው ሳይገጥም። ሁሉም ወገቡን ያዘ፤ ሁሉም ቀና አለ፤ ቀና ሲል ደግሞ የሚያየው በወንበርማ በኩል እያበጠ የመጣውን ጥቁር ደመና ነበር። ለታንጉት የተቆረቆረ ልብ ሁላችንም ጋር ነበር፤ ጉልበትም ነበር። ልቡን ከክንዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ብቻ ጠፋ። ግማሽ ቀን አልፎ የማሳው ሲሶ እንኳ አልታጨደም።

በዚህ መካከል ዙለይካ ደረሰች። ዙለይካ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ድስት፣ ትሪና ኩባያ ትሸጣለች፤ ታንጉት ፈትል ይዛ ገበያ ስትወርድ የምታርፈው እሷ ሱቅ ነው። ለደቦው ኩባያ ላውስሽ ብላ ቃል ገብታ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ በጆንያ ተሸክማው ስትወጣ ኩባያው ሲንኳኳ ከሩቅ ተሰማን። ለራሷ ሻይ በፔርሙዝ ይዛለች። ጆንያውን አወረደችና እየለከለከች አየችን።

«ለቅሶ ነው እንዴ? ማን ሞተ?»

«ዘፈን ሞተ» አለ ንብረት።

«ታንጉትስ?»

ወደ ዳሱ ስናመለክታት ሄደች፤ እኔም ጠላ ላመጣ ብዬ ተከተልኳት። ታንጉት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣ፣ የተከተፈውን ጎመን እንደገና ትከትፋለች። ያን ጀርባ አየሁት። እንዲህ ጎብጦ አይቼው አላውቅም።

«ታንጉ፣ ደመናው ነው የሚያስለቅስሽ?» አለቻት ዙለይካ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ።

«ደመናው ምን አደረገኝ ዙሌ። ጤፉም ከረገፈ ይረግፋል፤ ማሳ ሳይኖረኝ ኖሬ የለም ወይ።»

«ታዲያ?»

ታንጉት ቢላዋውን አስቀመጠች። «ይኸን ሁሉ ዘመን ሰውን ሁሉ በስሙ ጠርቻለሁ። ያልጠራሁት የለም፤ ውሻ ሳይቀር ጠርቻለሁ። ዛሬ ተሰልፈው ቆሙ፤ አፍ ሁሉ ባዶ። ለኔ የምትሆን አንዲት ስንኝ እንኳ የሌላቸው ለምንድን ነው? ድምፄን ነው እንጅ እኔን አይተውኝ አያውቁም ማለት ነው።»

ዙለይካ ተነሳች። ሻርፗን አጥብቃ አሰረች፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ባጨድነው ቃርሚያ ላይ «ወይኔ እግሬ! ወይኔ እግሬ!» እያለች እየዘለለች ከፊታችን መጥታ ቆመች።

«ስሙኝማ! እኔ የገበያ ሴት ነኝ፤ ማጭድ በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም። ግን ያቺ ሴት አንድ ቀን፣ ሱቄ ሞልቶ ገዢ ጠፍቶ ተክዤ ሳለ፣ ይችን ብላኛለች፦»

ገበያው ሰፊ ነው መሄጃው ይጠፋል፣
የዙለይካ ሳቅ ግን መንገዱን ያሳያል።

«ያን ቀን ሱቄን ሳልዘጋ ዋልኩ። እስከ ዛሬም ከቁልፌ ጋር ነው የምይዛት። አሁን ልመልስላት ነው፤ ዜማውን ካበላሸሁ አትሳቁ!» አለችና፣ በእርግጥም ዜማውን እያበላሸች፦

ይህ ማሳ ሰፊ ነው ዳሩ የት ይታያል፣
የታንጉት ድምፅ ግን መንገዱን ያሳያል።

ማንም አልሳቀም። ወይም ሁላችንም ስቀናል፤ ግን እየተቀበልን ነው። መቀበያው ራሱ ነው ከአፋችን የወጣው። ማጭዶቹ አንድ ላይ ወረዱ።

ንብረት ቀጥ አለ። ታንጉት ደመና ይነካል ያለችው እውነቷን ነበር። «የኔም አለችኝ!» አለና የዋንዛውን ሥር ስንኝ ገልብጦ አወረደው፦

ታንጉት ዝም ያለች ለት አገሩ ጭር ይላል፣
ድምጿ የመጣ ለት ተራራው ይቀላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቤ አሁንም እገረማለሁ። ሁሉም አለው! እያንዳንዱ ሰው፣ ታንጉት አንድ ቀን በፀሐይ መካከል የጣለችለትን ስንኝ ሸሽጎ ይዞታል። አንዱ የሠርጉን ሰሞን የተባለውን፣ አንዷ በልጅነቷ የመጀመሪያ ነዶ ስትሸከም የተባለችውን። እሷ ቀኑ ሲመሽ የረሳችውን እነሱ ዓመቱን ሙሉ ሲኖሩበት ከርመዋል። አሁን እያወጡ፣ ስማቸውን እያነሱ ስሟን እያስገቡ፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ሲነጥቅ፣ ማሳው ከፊታችን ይሸሽ ጀመር። ነዶው ከኋላችን ይከመራል። አሸናፊ እንኳ አጭር ነገር አገኘ። እኔ የራሴ አልነበረኝም፤ ገና አልጠራችኝም፤ ግን ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ተቀበልኩ።

እናኑ ዳሯን ይዛ ስታጭድ ቆይታ መጨረሻ ላይ ቆመች። ሴትዮዋ በአደባባይ ድምፅ አውጥታ አታውቅም። ፊቷን ወደ ማሳው አድርጋ፣ ለጤፉ የምትነግር ይመስል፦

ታንጉትን አይታችሁ ብቸኛ አትበሉ፣
ማጭድ የያዘ ሰው ዘመዷ ነው ሁሉ።

ታንጉት ከዳሱ ወጥታ ነበር። መቼ እንደወጣች አላየንም። ማንቆርቆሪያው በእጇ ዘንበል ብሎ ጠላው መሬት ላይ ይፈሳል፤ አላወቀችም።

«ኧረ ጠላው! ጠላው!» ብሎ ንብረት ጮኸ። «እኛን ሳይሆን ድንጋይ ልታሰክሪ ነው እንዴ?»

እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ወይም እያለቀሰች ሳቀች፤ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። «አንተ! ያን ስንኝ እስከ ዛሬ ይዘኸው?» አለችው። «ያኔ ልጅህ ጡት ይጠባ ነበር።»

«አሁን ሚስት ሊያገባ ነው» አለ ንብረት። «ምን ላድርገው ታዲያ? ሲከፋኝ አወጣዋለሁ።»

ደመናው ከራሳችን በላይ ሲደርስ በማሳው ላይ የቀረችው አንዲት ጭብጥ ነበረች። የመጨረሻዋን ጭብጥ ባለቤት ያጭዳታል። አሸናፊ ማጭዱን አቀበላት። ታንጉት ጎንበስ አለች፤ ጤፉን በግራ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ትንሽ ያዘችው፤ አጨደችው። ከዚያ በኋላ ማሳው ባዶ ነው። በባዶ ማሳ ላይ ማዜም ደግሞ ልመና አይደለም። ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች፤ ሁላችንም ጀርባችንን አስተካከልን። ዓይኗ ግን ጫማዋን ይዛ እግሯን ከምታሻሸው ዙለይካ ላይ አረፈ፦

ማጭድ እንኳ ሳትይዝ ማሳውን ጨረሰች፣
እንዲህ ያለች አጫጅ ከወዴት ተገኘች?

«ድገሚልኝ!» አለች ዙለይካ እየጮኸች። ደገመችላት።

ክምሩን ከድነን ስንጨርስ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ወደ ዳሱ ሮጥን። ዝናቡ ላስቲኩን ሲደበድበው፣ የዙለይካ ኩባያዎች ሲንቆጫቆጩ፣ ሽሮው ሲታደል፣ ንብረት የጊደሩን ዘፈን እንደገና ሊጀምር ሲል ሁሉም አንድ ላይ «ተው!» አለው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የታንጉትን ጀርባ አያለሁ። እንደ ልጃገረድ ቀጥ ብሏል። እንጀራ እያዞረች እናኑ አጠገብ ስትደርስ ቆመች፣ ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ አለች፤ ግን እኔ ሰማሁ።

«እናንዬ፣ ያችን ድገሚልኝ» አለቻት።